አዎ ያለው መንፈስ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በርጩማ ያልደረሰው ግንዱ ላይ ይቀመጥ። ዛሬ የማወራችሁ አንድ ሽማግሌ ስለሞቱበትና አንዲት ልጅ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ስላለችበት ነገር ነው። አደራ፣ መሐል ላይ ተነስታችሁ እንዳትሄዱ። እስከ መሐሉ ብቻ የሰማ ሰው ልጅቷ ላይ ይፈርዳል፤ እንደዚያ የፈረዱ ብዙ ነበሩ።

ወሩ ኅዳር ነው፤ እሸት ቡና ቀልቶ የሚለቀምበት። ሰኞ ማለዳ ከዲላ ወዲያ ባለችው የአሪቻ ቀበሌ ካሉት የቡና ማጠቢያዎች በአንዱ፣ ጋሽ ተክለማርያም የተባሉ የስድሳ ሰባት ዓመት ዘበኛ ሞተው ተገኙ። ከወገባቸው በታች ውሃ በሞላው የቡና ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ናቸው፤ ከወገባቸው በላይ ሲሚንቶው ላይ። ቀኝ እግራቸው ቦቲ ጫማ አድርጓል፤ ግራው ባዶ ነው። በደረታቸው ዙሪያ ሰማያዊ የሴት ሻርፕ ታስሯል።

ኢንስፔክተር ዘከርያ ከዲላ ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ፈቶ ቡና የሚሰጣባቸው ማድረቂያ አልጋዎች መሐል ቆሟል። ዘከርያ ዲላ ተወልዶ ያደገ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ንግግሩ የዘገየ ሰው። ጎንበስ ብሎ ሬሳውን አየና ቀና አለ።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ጌታዬ» አለ ፎርማኑ ባርናባስ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስመጣ እንዲህ ሆነው። ልጅቷ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይለፈልፋል።» ባርናባስ ሲደነግጥ አማርኛው ላይ ጌዴኦኛው ይጫነዋል፤ ሴቱም ወንድ ይሆንበታል።

«የቷ ልጅ?»

«ሀሴት። ጥራት መዝጋቢያችን። ከደብረ ብርሃን መጥቶ እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ ነው። መንፈስ አለበት ጌታዬ፣ አገር ያወቀው ነው። ሻርፑም የሱ ነው።»

«የት አለች አሁን?»

«ሠራተኞቹ ዲላ ጸሎት ቤት ወሰዱት። እስከ ደረቱ ርሶ ሲንቀጠቀጥ ምን እናድርገው?»

ዘከርያ ጥርሱን ነከሰ። ምስክር አምልጦታል። «ማሽኑ ጠዋት ሠርቷል?»

«ኧረ በጭራሽ! እሁድ ገና ሳይመሽ አቁመነዋል። ዘበኛው ብቻቸውን ነው ያደሩት።»

ዘከርያ መፈልፈያ ማሽኑን ዞረው። የቀበቶው መሸፈኛ ቆርቆሮ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። ቦዩ ውስጥ የቀረውን የቡና ልጣጭ በጣቱ አነሳው፤ እንደ በርበሬ ቀይ ነው። የቡና ነገር ብዙም አያውቅም፤ ግን ያየውን መጻፍ ልማዱ ነውና ማስታወሻው ላይ «ልጣጩ ቀይ» ብሎ ጻፈ።

ሐኪሙ ማክሰኞ ውጤቱን ሰጠ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸው ተመትቷል፤ የገደላቸው ግን ውሃው ነው። መጀመሪያ የተጠረጠረው አማቻቸው ፍሬዘር ነበር። በቀደመው ሳምንት ሚስቱን መትቶ፣ ሽማግሌው በከዘራ አባረውታል። «አሳይሃለሁ» ብሎ ሲፎክር ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ፍሬዘር ግን እሁድና ሰኞን ፍስሐ ገነት በተባለው ከተማ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነበር ያሳለፈው።

«ድንኳኑን የተከለው ማን ነው መሰለህ?» አለ ዓይኑ ቀልቶ። «ሃምሳ ሰው ጠይቅ። በከዘራ ቢመቱኝም አማቴ ናቸው፤ ደግሞም ይገባኝ ነበር።»

ሃምሳውን ባይሆን አሥሩን ጠየቁ። እውነቱን ነው።

*

ረቡዕ ጠዋት አዛዡ ዘከርያን ጠርቶ ስልኩን ገፋለት። «እየው። ከተማው ሁሉ አይቶታል፤ አንተ ብቻ ቀርተሃል።»

ቪዲዮው ማክሰኞ ማታ ጸሎት ቤቱ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ሀሴት ምንጣፍ ላይ ወድቃለች፣ ጸጉሯ ተበታትኗል። ወንድም ይዲድያ የተባለው ወጣት አገልጋይ ማይክሮፎን ይዞ ከበላይዋ ቆሟል።

«አንተ መንፈስ! ሽማግሌውን የገፋኸው አንተ ነህ?»

«አዎ!» የወንድ የሚመስል፣ የሻከረ ድምፅ ነው።

«የግራ ቦቲያቸውን ልጣጭ ክምር ውስጥ የቀበርከው አንተ ነህ?»

«አዎ!»

ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ።

«ዛሬ ሲነጋ ክምሩን አስቆፈርነው» አለ አዛዡ። «ቦቲው እዚያው ነበር። ሻርፑ የሷ ነው። የራሰችውም እሷ ነች። ዓርብ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«ጌታዬ፣ ልጅቷ ታማለች።»

«ታማ ይሁን ድና፣ ቦቲው ያለበትን ያወቀው ማን ነው? እኔ ነኝ? አንተ ነህ?»

ዘከርያ ተነስቶ ሆስፒታል ሄደ።

ሀሴትን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አስገብተዋታል። በሩ ላይ ሳጅን ሳምራ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች።

«ምንም አትበላም ኢንስፔክተር» አለች። «ብርቱካኑን ሁሉ እኔ ጨረስኩት። ካቴናውን ላውልቅላት? እኔን ካሸነፈችኝማ ማዕረጌን ልመልስ።»

«አውልቂላት።»

ሀሴት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከንፈሯ ደርቋል፣ ሁለት ጥፍሮቿ ከሥራቸው ተሰብረዋል። ዘከርያ ወንበር ስቦ ከራስጌዋ ሳይሆን ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ሀሴት፣ ሰኞ ጠዋት ምን ሆነ?»

«ገደልኳቸው።»

«እንዴት?»

«እኔ እንጃ። መንፈሱ ነው የሚያውቀው። እሱ አዎ ብሏል አይደል?» እንባዋ ፊቷን ሳያጨማድድ ወረደ። «ጋሽ ተክሌ ጠዋት ጠዋት ቆሎ ይሰጡኝ ነበር። በየትኛው እጄ ነው የገፋኋቸው ጋሼ? ይህን ብቻ ንገሩኝ። እጄን ሳየው አስጠላኝ።»

ዘከርያ ሃያ ዓመት ሙሉ «አልገደልኩም» የሚል ነበር ሲሰማ የኖረው። የትኛው እጄ ነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሙሉወርቅ ጠበቀችው። ሀሴት ስምንት ወር ታክማለች። በመድኃኒቱ ድምፆቹ ዝቅ ብለውላት፣ ሥራ ይዛ፣ ለእናቷ ልብስ ሁሉ ልካ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ኪኒን የሚውጥ እምነት የለውም ያላት ሰው ነበርና አቆመች።

«ሲስተር፣ አንቺ መንፈስ የሚባል ነገር የለም ነው የምትይኝ?»

«እሱን እንኳ አልልህም። እኔም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ» አለች ሲስተር ሙሉወርቅ። «የማውቀውን ልንገርህ። እንቅልፍ ካጣች አሥር ቀኗ ነው፤ አልበላችም። ከበው እየጮሁባት እስክትመልስ አይለቋትም። እንዲህ የሆነ ሰው መልሱን ከየት ያመጣዋል? ከጥያቄው ውስጥ ነው የሚያነሳው። ከዚያ ደግሞ የራሱ ትዝታ ይመስለዋል።»

*

የዘከርያ እናት እማማ አሲያ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ልጃቸው ገብቶ ሳይናገር ሲቀመጥ ሜትራቸውን አስቀመጡ።

«ምነው ዘኬ? ወይ ብላ ወይ ተናገር። ሁለቱንም ትተህ ደንበኛ አታስፈራራብኝ።»

ነገራቸው። እማማ አሲያ ጣቃውን ጠቅልለው ጨረሱ።

«እህቴን ሒባን አታውቃትም፤ ሳትወለድ ነው የሞተችው። ጅን ይዟታል አሉና ሰው አመጡ። በአለንጋ እየገረፈ ‹ማን ላከህ?› ይለዋል ጅኑን። ዝም። ‹ማን ላከህ?› ዝም። ኋላ ‹ሀጅራ ናት?› አለው። ‹አዎ› አለች።»

«ሀጅራ ማን ናት?»

«ጎረቤታችን። ለሒባ ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣላት ሴት። በሳምንቱ ሰፈሩን ለቀቀች፤ ማን ያስቀምጣታል?» እማማ አሲያ የሌለ ክር ከቀሚሳቸው ላይ ለቀሙ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሒባ ምን ነካት ስል ኖርኩ። ‹አዎ› ስትል ዱላው ይቆም ነበር፤ እሷን የነካት ይኸው ነው። ያንን ስም ግን ሰውየው አፍ ላይ ማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። እንግዳ ሰው ነበር እኮ፤ ሀጅራን ከየት ያውቃታል?»

ዘከርያ ብድግ አለ።

«ሳትበላ?»

«ይዲድያም አሪቻ ሄዶ አያውቅም፣ እማ» አለና ወጣ።

*

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዘከርያ ወንድም ይዲድያን ሆስፒታል ድረስ ይዞት መጣ። አገልጋዩ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ነው። ሲስተር ሙሉወርቅ ነገሩን አልወደደችውም።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለችው ዘከርያን። «ካልጮህክባት ብቻ። ስትጨርስ ደግሞ ነገሩ ውሸት መሆኑን እኔ ፊት ትነግራታለህ።»

ዘከርያ ከሀሴት ፊት ለፊት ተቀመጠ። ድምፁን አላነሳም። «መንፈሱን ነው የምጠይቀው። ሽማግሌውን የመታህበትን መጥረቢያ ድልድዩ ሥር የጣልከው አንተ ነህ?»

ሀሴት ቀና አለች። የሻከረው ድምፅ መጣ። «አዎ!»

«መጥረቢያ አልነበረም ሀሴት» አላት ወዲያው። «እኔ የፈጠርኩት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችው። ይዲድያ ግድግዳውን ተደገፈ።

«መጥረቢያ… የለም?»

«የለም ወንድም ይዲድያ። አሁን አንተን ልጠይቅህ። ቦቲው ልጣጭ ክምር ውስጥ መሆኑን ማን ነገረህ? ከሷ በፊት ያልከው አንተ ነህ።»

«ጌታን፣ እኔ አልቀበርኩም!»

«እንዳልቀበርክማ አውቃለሁ። ማን ነገረህ ነው የምልህ?»

«ወረቀት ነው። በጸሎት ሳጥኑ የገባ ወረቀት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ጸሎት ቤት በር ላይ የእንጨት ሳጥን አለ። ችግር ያለበት የጸሎት ርእሱን በወረቀት ይጽፍና ስሙን ሳይጠቅስ ያስገባል። አገልጋዩ ያነባል፣ ይጸልይበታል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ የሰው ገበና እንዳይወጣ። ይዲድያም ያን ቀን ስለ ሀሴት የተጻፈውን እንዳለ አንብቦ መንፈሱን ጠየቀበት። ክፉ አላሰበም። ወረቀቱን የጻፈው መንፈስ ቅዱስ ያሳየው ሰው መስሎታል።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ ዘከርያ። «አልተቃጠለም አይደል?»

ጸሎት ቤቱ ሄደው፣ ሁለቱ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው የሳጥኑን ወረቀት ሁሉ ዘረገፉት። የልጅ በሽታ፣ የቪዛ ነገር፣ የጠፋ ባል… ዘከርያ የሌላውን እንዳያነብ ዓይኑን እየሰበረ ፈለገ። በመጨረሻ ይዲድያ አንዱን አነሳ። «ይኸው።»

ጠንከር ያለ የካርቶን ቁራጭ ነው። በእስክሪብቶ «መንፈሱ ሽማግሌውን ገፍቷል ወይ፣ የግራ ቦቲውን ልጣጭ ክምር ውስጥ ቀብሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ» ይላል። ዘከርያ ገለበጠው። በጀርባው በማርከር «አልጋ 14፣ ማክሰኞ» ተጽፎበታል።

ዘከርያ ቁራጩን በጥንቃቄ ማስታወሻው ውስጥ ከተተው።

«ፖሊስ ቦቲውን ያገኘው ረቡዕ ነው» አለ ዘከርያ ለራሱ። «ይህ የተጻፈው ማክሰኞ።»

*

ዘከርያና ሳጅን ሳምራ አሪቻ ሲደርሱ ገበሬዎች ለማዳበሪያ የሚወስዱትን ልጣጭ በአካፋ እየጫኑ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ይጭናሉ። ዘከርያ ማድረቂያ አልጋዎቹ ጋ ሄዶ ቡናውን በእጇ የምታገላብጥ አንዲት ሴት አጠገብ ቆመ። በየአልጋው ጫፍ የተንጠለጠለች ካርቶን አለች፤ ቡናው የትኛው አልጋ ላይ መቼ እንደወጣ የምትናገር።

«እህቴ፣ ይህችን ካርድ የሚጽፈው ማን ነው?»

«ሀሴት ነበረች። እሷ ከታመመች ወዲህ ፎርማኑ ራሱ ነው፤ ማርከሩን ለማንም አይሰጥም።»

የአልጋ አሥራ አራት ካርድ ከሌሎቹ ትለያለች፤ ከብስኩት ካርቶን ተቀድዳ በምትክ የተሠራች ናት፤ የመጀመሪያዋ ዘከርያ ማስታወሻ ውስጥ ነው ያለችው።

«እሺ፣ ልጣጭስ? አንድ ሌሊት ቦይ ውስጥ ቢያድር ምን ይሆናል?»

ሴትዮዋ ሳቀች። «የዲላ ሰው! ይጠቁራላ። ቀይ ልጣጭ ማለት አሁን የተፈለፈለ ነው።»

ዘከርያ ማስታወሻውን አውጥቶ የሰኞዋን መስመር አየ፤ «ልጣጩ ቀይ» ትላለች። ከዚያ ከመኪናው ውስጥ ቦቲውን አምጥቶ ወደ ማሽኑ ሄደ። ተረከዙ ላይ ያለውን ቅድ ሰው ሁሉ ውሻ የቦጨቀው ነው ብሎ ትቶት ነበር። ከቀበቶው መዘውር ጥርስ ጋር አስተያየው፤ ልክ ገጠመ።

ባርናባስ ከኋላው ቆሟል። መቼ እንደመጣ አልተሰማም።

«ባርናባስ፣ ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ያስነሳኸው አንተ ነህ» አለ ዘከርያ ሳይዞር። «ጥያቄ አይደለም። ሰው ጥያቄ ውስጥ መልስ ሲከትት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አንተው ንገረኝ፤ እኔ ዝም እላለሁ።»

ከወዲያ የአካፋ ድምፅ ይሰማል።

«እሁድ ማታ ዘግይቶ የመጣ እሸት ነበር» አለ ባርናባስ በመጨረሻ። «ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ሠራተኛ የለም። ጎህ ሲቀድ እኔና ጋሽ ተክሌ ብቻ ነን። ወንፊቱ ተደፈነ። ማሽኑን አቁም አሉኝ። ካቆምኩት በኋላ እሺ ብሎ አይነሳልኝም፤ እንዲሁ ይውጡና ያጽዱት አልኳቸው። መሸፈኛውን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ካለፈው ወር ጀምሮ። ቀበቶው ቦቲያቸውን ያዘና ወረወራቸው። ጭንቅላታቸው ሲሚንቶውን መታ፣ ገንዳው ውስጥ ገቡ።»

«ከዚያ?»

«ቆምኩ።» ባርናባስ እጆቹን አየ። «እግሬ እምቢ አለኝ ጌታዬ። ዋና አልችልም፤ ግን ውሃው እኮ እስከ ደረት ነው። ቆምኩ። ያቺ ልጅ ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ እየጮኸች ሮጠች። ቀሚሷን እንኳ ሳትሰበስብ ዘላ ገባች። ሻርፗን ብብታቸው ሥር አሰረች፣ ጎተተች፣ ጎተተች… እኔ ማሽኑን አጥፍቼ፣ ቦቲውን ነቅዬ፣ ልጣጭ ክምር ውስጥ ቀብሬው ሸሸሁ። ስመለስ ወገባቸው ድረስ አውጥታቸዋለች፤ ግን አልቆላቸዋል።»

ዘከርያ ዓይኑን ጨፈነ። የሻርፑ ቋጠሮ ብብት ሥር ነበር። ከጉድጓድ ሰው የሚያወጣ እንዲያ ነው የሚያስረው። ሰኞ ዕለት አይቶት ነበር፤ አይቶ አላየውም።

«ለምን በሷ ላይ?»

«በሷ ላይ አይደለም!» ባርናባስ ጮኸ፣ ሠራተኞቹ ዞር አሉ። «በመንፈሱ ላይ ነው። ሐሙስ ልጣጩ ሲጫን ቦቲው ይገኛል፤ ሲገኝ ሰው ይጠየቃል። መንፈሱ ካመነ ግን ማን ይጠየቃል? ይወጣል፣ ጥፋቱም አብሮት ይወጣል፣ ልጅቷም ትድናለች፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ቤተሰቡን ያስታርቃል… ማንም አይጎዳም ብዬ ነው። መንፈስ አይታሰርም አይደል?»

«መንፈስ አይታሰርም» አለ ዘከርያ። «ካቴናው የገባው ግን የማን እጅ ላይ ነው?»

ባርናባስ እዚያው ማሽኑ ሥር ቁጭ አለ። ሳጅን ሳምራ ልትይዘው ስትመጣ ያለ ልማዷ አልቀለደችም።

*

ባርናባስ ዓርብ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ የሀሴት መዝገብ ተዘጋ። ይዲድያ የእሁዱ ጉባኤ ላይ ቆሞ ያነበበውን ወረቀት ታሪክ ራሱ ተናገረ። እልል የሚል አልነበረም። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ግን ያን አልሰማም፤ እስከ ዛሬም «ያቺ ገዳይ» የሚላት አለ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ዘከርያ ሆስፒታል ሄደ። እማማ አሲያ ለልጅቷ ከሱቃቸው አዲስ ሻርፕ ልከውላታል። ሀሴት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። እንቅልፍ አግኝታለች፤ መድኃኒቱ እጇን ትንሽ ያንቀጠቅጣታል።

«ድምፁ ሄደልሽ?»

«አልሄደም። ዝቅ ብሏል» አለች። «ሲስተር ነግራኛለች፤ አልገደልሽም ብላኛለች። እናንተም አላችሁኝ። ግን ያኔም ገድለሻል ሲሉኝ አምኛለሁ። የቱን ልመን ጋሼ?»

ዘከርያ የሚያውቀውን ሁሉ ሊነግራት አፉን ከፈተና መለሰው። ገንዳውን፣ ቋጠሮውን፣ ጥፍሮቿን… ምኑንም አላነሳም። ሻርፑን ጭኗ ላይ አስቀመጠላትና ዝም አለ። ጠበቀ።

ሀሴት ጨርቁን ዳሰሰች። ጫፉን በጫፉ ላይ አዞረች፣ ቋጠረች፣ ጠበቅ አደረገች። እጆቿ ከአፏ በፊት አስታወሱ።

«ከባድ ነበሩ» አለች በቀስታ፣ በገዛ ድምፅዋ። «ሲሚንቶው ያዳልጣል። አንድ ጊዜ አስልተው ነበር። በርቱ ጋሽ ተክሌ አልኳቸው… በርቱ አልኳቸው እኮ!»

አስልተው እንደነበር የነገራት ሰው የለም። ባርናባስም አያውቀውም። ዘከርያም አያውቀውም ነበር።

ያኔ ነው ልጅቷ እጆቿን ገልብጣ ያየቻቸው፤ አለቀሰች፣ ፊቷ ተጨማዶ፣ እንደ ሰው።

ልጆቼ፣ ይኸው አለቀ። እኔ ትንሽ ነው የተማርኩት፤ መንፈሱን ከበሽታው ለይቼ ላሳያችሁ አልችልም፣ ያንን የሚያውቁት ይንገሯችሁ። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ከቤታችሁ ወይ ከጎረቤታችሁ አእምሮው የደከመ ሰው ቢገጥማችሁ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ጸልዩለትም። ስትጠይቁት ግን መልሱን እናንተ አታጉርሱት። ዝም ብላችሁ ጠብቁት። ይህችን ሀሴት የምትባል ልጅም፣ «ያቺ ገዳይ» ሲሉ በሰማችሁ ቁጥር፣ እባካችሁ ሻርፗን አስታውሱላት።